ዳር ወይስ ጥልቅ ባሕር? ስለ ጅቡቲው ጉዞ

ሰላም የመንጠቆ ቤተሰብ!

አቦ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሻይ ላይ የጀመርነውን ክርክር እንቋጨው። ጅቡቲ ስንደርስ ከዳር እናጥምድ ወይስ ጥልቁ ውስጥ እንግባ?

የኔ ድምፅ ለዳር ነው። ጥልቁ ቱና አለው፣ አልክድም። ግን ጀልባው ነዳጅ ይጠጣል፤ ሂሳቡም ለብቻው ነው። አምና ማዕበል ሲነሳ ግማሾቻችን ጠርዙ ላይ ተደፍተን ነው የዋልነው። ባለጀልባው አንዳንድ ሎሚ አድሎን ሳቀብን። ዓሣ? አንድም!

ሙሻ ደሴት አካባቢ ኮራሉ (የባሕር ውስጥ አለቱ) ጥግ ባራኩዳ የሚባለው ዓሣ ይገኛል። ጥርሱ ምላጭ ስለሆነ የናይለን ክር ይበጥሳል። ከመንጠቆው በላይ አንድ ስንዝር ቀጭን ሽቦ እሰሩ። ፒንሳም አትርሱ፤ መንጠቆውን በጣት ለማውጣት የሞከረ ያውቀዋል።

«ሳልመን አምጡልን» ላላችሁ፦ ሳልመንና ሃሊበት የቀዝቃዛ ባሕር ዓሦች ናቸው። እዚያ የሉም።

ጊዜው ጥር ይሁን። የሐምሌው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ለድሬ ልጅም ይከብዳል። የባቡር ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ በጊዜ ተነሱ። ፓስፖርታችሁን ዛሬውኑ እዩት። «ዳር» ወይም «ጥልቅ» ብላችሁ እስከ ዓርብ መልሱልኝ።