መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በሆስፒታሎቻችን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ ሆስፒታሎች ግንባታና ስለ አዳዲስ የሕክምና መሣሪያዎች ደጋግሞ ሲዘግብ አነባለሁ፤ መድኃኒት ስለተላመዱ፣ ማለትም ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ስለማይገድላቸው ባክቴሪያዎች ግን እምብዛም አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቀጥታ በዚሁ ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል።

እዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጉንፋን የያዘው ሰው ያለ ሐኪም ማዘዣ አሞክሳሲሊን የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቶ መዋጡ የተለመደ ነው፤ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ እንደሆነና መድኃኒቱ ለቫይረስ እንደማይሠራ የሚነግረው ባለሙያ ግን ሁልጊዜ አያገኝም። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በሕዝቡ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይመስለኝም። ዘመድ ባስታመምኩበት አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ውሃ ተቋርጦ፣ የእጅ ማጽጃው አልኮል አልቆ፣ ነርሷ ከአንዱ ታካሚ ቁስል ወደ ሌላው የምትሻገረው ጓንት በመቀየር ብቻ ነበር። ሴፍትሪያክሰን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ለሁሉም ይታዘዛል፤ ከቁስሉ ናሙና ወስዶ ባክቴሪያውን በማሳደግ የሚለየው የካልቸር ምርመራ የሚታሰበው ቁስሉ አልድን ሲል ነው። በዚህ መካከል እንደ ክሌብሲየላ ያሉ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ ይባስ ብሎም ይህን ችሎታ የተሸከመውን ጂን ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ሳይቀር ያስተላልፋሉ።

ስለሆነም የሚመለከታቸው የጤና ኃላፊዎች በየክፍሉ ውሃና አልኮል እንዳይቋረጥ እንዲያደርጉ፣ የሚቻል ሲሆንም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ለካልቸር ምርመራ ናሙና እንዲወሰድ፣ በየሆስፒታሉ የትኛው ባክቴሪያ የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደም በየዓመቱ ለሐኪሞች እንዲያሳውቁ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከደሴ