የግዢ ደረሰኙን ከሐኪም ማዘዣው ጋር አስተያዩ፦ ለከተማችን የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

በከተማችን መድኃኒት ቤቶች አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ እየተቸበቸበ መሆኑን በቃልም በጽሑፍም አመልክተናል። ያገኘነው መልስ «እናጣራለን» ብቻ ነው። ሕጉን ያውቁታልና እሱን ልናስረዳዎ አልተነሣንም።

«ሲፕሮ አራት ፍሬ» ይላል ገዢው፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ማለቱ ነው። ሻጩ አሥር ፍሬ ከያዘው ስትሪፕ ላይ አራቱን በመቀስ ይቆርጥለታል፤ የባች ቁጥሩ (የምርት ዙሩ መለያ) እና የመጠቀሚያ ጊዜው የታተመበት ጫፍ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። አራት ፍሬ የሁለት ቀን ነው። ቀላል የሚባለው የሴቶች የፊኛ ኢንፌክሽን እንኳ ስድስት ፍሬ ይፈልጋል፦ በቀን ሁለት፣ ለሦስት ቀን። ሕመሙ ጉንፋን ከሆነ ደግሞ አንዱም አይረዳውም።

የሕፃናቱ ይብሳል። ደም ለሌለው ተራ ተቅማጥ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠው ንጥረ ነገር) እና የ10 ቀን ዚንክ የሚበቃው ልጅ ሜትሮኒዳዞል የተባለ አንቲባዮቲክ ይዞ ይወጣል። የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ዱቄቱ ሳይበጠበጥ ለእናት ይሰጣል። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ እንዲሆን፣ መጀመሪያ ከፊሉ ተጨምሮ በደንብ እንዲነቀነቅ፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ ብቻ እንዲሞላ የሚነግራት የለም። ምልክቱን ካሳለፈች መድኃኒቱ ይቀጥናል፤ ልጁ በእያንዳንዱ ማንኪያ ከሚገባው በታች ይወስዳል።

ማዘዣ የሚጠይቅ ባለሙያ ደንበኛውን ለጎረቤቱ ያስረክባል። ተቀጣሪ ከሆነ ባለቤቱ «ገበያ አባረርክ» ይለዋል። ሕግ ያከበረው እየከሰረ፣ የጣሰው እያተረፈ ነው፤ ይህ የሚሆነውም የእናንተ ተቆጣጣሪዎች በየጊዜው በሚገቡባቸው ቤቶች ውስጥ ነው።

ተቆጣጣሪዎቹ ፈቃዱ መሰቀሉን፣ ጋዋኑን፣ ቴርሞሜትሩን፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መኖሩን አይተው ይፈርማሉ። መድኃኒት ቤቱ መድኃኒት የገዛበትን ደረሰኝ ከሐኪም ማዘዣዎቹ ጋር የሚያስተያይ የለም። ከባድ ሥራ አይደለም። ሦስት አንቲባዮቲኮችን፣ አዚትሮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሴፍትሪያክሶንን ብቻ ይምረጡ። በሦስት ወር ስንት ተገዛ? መደርደሪያው ላይ ስንት ቀረ? ለወጣው ስንት ማዘዣ ተቀምጧል? የማይገጥመውን ባለቤቱ ያስረዳ።

ማዘዣ መኖሩም ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም፤ ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ አንድ ውጤት ብቻ «ታይፎይድ» ተብሎ ሲፕሮ የሚታዘዝለት ሰው ብዙ ነው። እሱን ከጤና ተቋማቱ ጋር ትነጋገሩበታላችሁ። የመድኃኒት ቤቱ ቁጥጥር ግን በቀጥታ የእርስዎ ኃላፊነት ነው። የሚቀጥለው ቁጥጥር በዚህ ሂሳብ እንዲጀመር፣ ውጤቱም በየመድኃኒት ቤቱ ስም እንዲለጠፍ እንጠይቃለን። መልስዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን።