ሸክሙን የሚሸከመው እንጨቱ እንጂ ብሎኑ አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የወጣውን የአኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ መስታወት ገንዳ) ማስቀመጫ አሠራር ከነሥዕሉ ተመልክቼዋለሁ። ሰው በገዛ እጁ እንዲሠራ ማበረታታታችሁ ያስመሰግናል። ዕድሜዬን በመጋዝና በመላጊያ መካከል የፈጀሁ አናጺ ነኝና ሥዕሉን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

በሥዕሉ ላይ የላይኛው አግዳሚ ከእግሮቹ ጎን ተለጥፎ በሁለት በሁለት ብሎን ተይዟል፤ አናታቸው ላይ አላረፈም። እንግዲህ ያ ሁሉ ክብደት ወደ ወለሉ የሚወርደው በብሎኖቹ በኩል ብቻ ነው ማለት ነው። ብሎን ሁለት እንጨት አጥብቆ ለመያዝ ተሠራ እንጂ ሸክም እንዲሸከም አልተሠራም። በተለይ ለጂፕሰም ሰሌዳ የሚያገለግለው ጥቁሩ ቀጭን ብሎን ጎበጥ ብሎ እንኳ አያስጠነቅቅም፤ ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

ዓምደኛው ክብደቱን «ከባድ» ብሎ ብቻ አልፎታል። ምን ያህል ከባድ? አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም እስከ አፉ ቢሞላ 240 ሊትር ይይዛል። የ10 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ስለሚመዝን ባዶው ብቻ 50 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከሥሩ የሚነጠፈው ጠጠር ሲጨመር ከ300 ኪሎ ያልፋል። ይህ ደግሞ ለአፍታ ተጭኖ የሚነሣ ሳይሆን ቀን ከሌሊት፣ ለዓመታት የሚቆም ሸክም ነው። «ሰው ተቀምጦበት አልተሰበረም» የተባለ ጠረጴዛ ለዚህ ዋስትና አይሆንም።

መላው ቀላል ነው። የሞራሌው እግር አናት በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥና አግዳሚው እላዩ ላይ ይጋደማል። እንጨት በእንጨት ላይ፣ እስከ ወለሉ ድረስ። ብሎንና ኮላ እንዳይንሸራተት ብቻ ይያዙት። ያኔ አንዱ ብሎን ቢላላም ሸክሙ የትም አይሄድም።

የሥዕሉ ጀርባ ደግሞ ክፍት ነው። አራት እግር ያለው ክፈፍ ከላይ ሲጫኑት ችሎ ይቆማል፤ ከጎን ገፋ ሲያደርጉት ግን ይወላገዳል። ጀርባውን በአንድ ወጥ ኮምፔንሳቶ ደፍኖ ዙሪያውን በብሎን መምታት ይህን ያስቀራል፤ ለቱቦና ለኤሌክትሪክ ገመድ ጥጉ ላይ ቀዳዳ ማውጣት ይበቃል። ቺፕውድ ግን ይቅር! ውኃ ሲነካው እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል፤ ዓሣ ባለበት ቤት ደግሞ ውኃ መንጠባጠቡ አይቀርም። ቫርኒሹም ለዓይን በሚታየው ፊት ብቻ አይቀባ። እንጨት ውኃ የሚምገው ከሁሉ ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ ስለሆነ የእግሮቹ መርገጫ ደጋግሞ ቫርኒሽ ይጠጣ።

ማስቀመጫው እንዳይዘም በውኃ ልክ መሣሪያ ስለ መፈተሽ የተጻፈው ትክክል ነው። ነገር ግን ማስቀመጫው ዘመም ካለ ሽብልቁ የሚገባው ከእግሩ ሥር እንጂ ከመስታወቱ ሥር አይደለም። ከመስታወቱ ሥር የተወሸቀች አንዲት ስስ ስንጣሪ ጫናውን አንድ ቦታ ላይ ሰብስባ የአኳሪየሙን የታችኛውን መስታወት ልትሰነጥቀው ትችላለች። ክፈፍ ለሌለው አኳሪየም ስስ ፎም ይነጠፍለት፤ ከታች የፕላስቲክ ክፈፍ ያለው ግን በክፈፉ ላይ እንዲያርፍ ስለተሠራ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም።

በቀለም ምርጫው ከዓምደኛው ጋር አልጣላም፤ የራሱ ቤት ነው። ሥዕሉ ግን በሚቀጥለው እትም ታርሞ ቢወጣ መልካም ነው፤ ጋዜጣውን ቆርጦ የሚሠራበት አንባቢ አይጠፋምና። በሥዕሉ መሠረት ሠርቶ የጨረሰ ካለም አያፍርሰው። ውኃ ከመሙላቱ በፊት ከወለሉ ተነሥቶ ልክ የአግዳሚው ሥር የሚደርስ ቁራጭ ሞራሌ በየእግሩ ጎን፣ አግዳሚው በተለጠፈበት በኩል፣ ደርቦ በኮላና በብሎን ይምታው። ቁራጩ ከአግዳሚው ጋር ክፍተት ሳይተው መግጠም አለበት፤ ወረቀት የሚያሳልፍ ከሆነ እንደገና ይቁረጥ።

አንድ አናጺ አንባቢያችሁ