ፈረንሳይኛን በፊልምና በመጽሐፍ ለሚማሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እዚህ ጅማ ፈረንሳይኛን በስልክ ፊልም እያዩ ለመማር ጀምረው የሚያቋርጡ ወጣቶች አሉ። ቋንቋው ከብዷቸው ሳይሆን አጀማመሩ ስለሚበላሽባቸው ነው።

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥር እየሄደ ፊልም ሲታይ ዓይን ያነባል፣ ጆሮ ይተኛል። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ይሁን፤ ፊልሙም ከመነሻው በፈረንሳይኛ የተሠራ ይሁን። በሆሊውድ ፊልም ላይ በፈረንሳይኛ የተቀዳው ድምፅና ከሥር ያለው የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ለየብቻ ስለሚተረጎሙ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ተማሪው ግን ጥፋቱን በጆሮው ያሳብባል።

የሁለት ደቂቃ ንግግር ለአንድ ቀን ይበቃል። መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ መስማት፣ ቀጥሎ እያቆሙ የሰሙትን ደብተር ላይ መጻፍ፣ ከዚያ ጽሑፉን ከፍቶ ማመሳከር፣ በመጨረሻም ከተዋናዩ እኩል ጮክ ብሎ ማለት። ትምህርቱ ያለው ማመሳከሩ ላይ ነው። ደብተር ላይ «ዠ ነ ሴ ፓ» (አላውቅም) ተብሎ የተጠናው በሰው አፍ «ሼ ፓ» ሆኖ ያልፋል፤ «ነ» ተውጣለች።

ባህሉም እዚያው አለ። «ቱ» አንተም አንቺም ነው፤ «ቩ» ደግሞ እናንተም እርስዎም። አፋን ኦሮሞ የሚናገር የጅማ ልጅ «ኢሲን» ስላለው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ሁለት ሰዎች ከ«ቩ» ወደ «ቱ» የተሻገሩበትን ቅጽበት ልብ በሉ፤ መቀራረባቸው የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ዩ» ስለሚል ይህን ይደብቃል።

መጽሐፍ ላይ ብዙዎች የሚጀምሩት በ1943 እ.ኤ.አ. በወጣው «ለ ፕቲ ፕረንስ» (ትንሹ ልዑል) ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ትረካው ግን በንግግር የማይሰማውን ኃላፊ ጊዜ፣ «ፓሴ ሳምፕል»ን ይጠቀማል። በዚህ ጊዜ «ቪ» የሚለው ቃል «አየ» ነው፤ ጀማሪ ግን በዚያው ፊደል የሚጻፈውን «ይኖራል» አድርጎ ያነበውና ዓረፍተ ነገሩ ይጠፋበታል። የአልቤር ካሙ «ሌትራንዤ» (1942 እ.ኤ.አ.) በአብዛኛው የተተረከው ሰው በሚነጋገርበት ኃላፊ ጊዜ፣ በ«ፓሴ ኮምፖዜ» ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹም አጫጭር ናቸው። ሐሳቡ ቢከብድም ሰዋስዉ ፊልም ላይ ከሚሰማው ጋር ይሄዳል። ከፊልም ለሚነሳ ሰው ይህኛው ይቀድም።

በባህል ገጻችሁ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ስትጠቁሙ በየትኛው ኃላፊ ጊዜ እንደተተረከ አንድ መስመር ብትጨምሩልን ተማሪዎች በማይሆናቸው መጽሐፍ ከመጀመር ይድኑ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከጅማ