ቋሚው ከችግኙ ይቅደም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጓሮ አትክልት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን «ተክሉ ሲያድግ እንጨት አስደግፉት» ብላችሁ በአንድ መስመር ያለፋችሁት ነገር እኔን አምና አንጀቴን አሳርሮኛል።

ቤቴ ደሴ ነው፣ ሆጤ አካባቢ። አምና ከአንድ ሱቅ ተበይዶ የተሠራ ቀጭን የብረት ድጋፍ ገዛሁ። ቀለም ተቀብቶ ሲያዩት ያምራል። ነሐሴ ላይ ቲማቲሙ ፍሬ ይዞ፣ ቅጠሉም ዝናብ ጠጥቶ ከብዶ ሳለ፣ ከጦሳ ተራራ በኩል የወረደ ንፋስ ሌሊቱን አጋደመው። ጠዋት ብወጣ ብረቱ ከብየዳው ተገንጥሏል፣ አረንጓዴው ፍሬ ጭቃ ላይ ተዘርግፏል። እግሩን ሳየው መሬት ውስጥ የገባው አንድ ስንዝር አይሞላም። ለካ ጌጥ ነው የገዛሁት!

ዘንድሮ ወደ አጣና ዞርኩ። የደረቀ፣ የእጅ አንጓ የሚያህል፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል። ከዚያ ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትሩን ቀበርኩት። ጎረቤቴ አባባ የሚቀበረውን ጫፍ እሳት ለብልበው አሉኝ፣ ቶሎ እንዳይበሰብስ። የተቃጠለ ዘይት የሚቀባም አለ፤ እኔ ግን የምበላው ነገር ሥር እሱን አላፈስም። በቋሚዎቹ አናት ላይ ማገር አጋድሜ በሽቦ ጠፈርኩት።

ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ አጣና አልሆናትም፣ ምስጥ ጨረሰባት። እሷ ከግንባታ የተረፈ ባለ 12 ሚሊ ፌሮ አቁማ ተገላገለች።

ሌላው፣ ሁሉም ተክል አወጣጡ አንድ አይደለም። ቲማቲም ራሱ አይወጣም፣ ታስሮ ነው የሚቆመው፤ ስታስሩት ደግሞ በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርጉት፣ ግንዱ ይወፍራል። አጭሩ ዓይነት ከሆነ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ሐረግ የሚያወጣው አደንጓሬ ራሱ ስለሚጠመጠም ከማገሩ ላይ ሲባጎ ብትለቁለት ይበቃዋል። ኪያርና አተር ግን የሚይዙት እንደ ክር በቀጠነች እጃቸው ነው፣ ወፍራም አጣና ብቻ ብታቆሙላቸው ማቀፍ አቅቷቸው መሬት ለመሬት ይሄዳሉ። ሽቦ ወይም መረብ ስጧቸው።

እባካችሁ በሚቀጥለው ስትጽፉ ድጋፉ ከችግኙ በፊት እንደሚተከል ጨምሩበት። እኔ ዘንድሮ አንዱን ቋሚ ዘግይቼ ስተክል ሥሩን ቆርጬው፣ ያማረው ቲማቲሜ በሦስት ቀን ጠወለገ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ