የእማዬ ኪኒን አይገመስ

ዴንቨር፣ ታኅሣሥ 2018

ይድረስ ለውድ እታለም፣ ጎንደር

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራውም አይከብድም፤ በኔ አትጨነቁ። ሰላምታዬን ለሁሉም በየስማቸው አድርሺልኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ትንሿ በስልክ እየሳቀች አንድ ነገር ነገረችኝ። እማዬ የግፊት ኪኒኗን በቢላ እየገመሰች ግማሹን ብቻ ነው አሉ የምትውጠው፤ «ለልጅቷ ሠርግ ይተርፋል» ብላ። ልጅቷ እንደ ቀልድ ነው ያወራችው፤ እኔ ግን አብሬያት መሳቅ አቃተኝ። ገንዘብ ልኬያለሁ፤ መልእክቱ ስልክሽ ላይ ይደርስሻል። ከእሱ ላይ የመጀመሪያው ብር የሚወጣው ለመድኃኒት ነው። ከጤፉም፣ ከቀሚሱም፣ ከድንኳኑም በፊት።

ይህን ቀጥሎ ያለውን ለእማዬ አታንብቢላት። ግፊት አያምም። ግማሹን ስትውጥ ምንም ስላልተሰማት «ይበቃኛል» ትላለች፤ ልኬቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ጭንቅላት ውስጥ ደም ሲፈስ ወይም ኩላሊት ሲደክም ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስለኪያት። ግማሽ ስትወስድ መክረሟን ለሐኪሙ አትደብቂ፤ አፍራ ዝም ካለች፣ መድኃኒቱ አልሠራላትም ብሎ ሌላ ይጨምርባታል፤ ያኔ ወጪው እጥፍ ነው። ወደ ሙሉው ከተመለሰች በኋላ ሳምንት ቆይተሽ ደግመሽ አስለኪና ቁጥሩን ላኪልኝ። ሁለቱንም ቁጥር፣ የላዩንም የታቹንም።

መድኃኒት ስትገዢ የፋብሪካውን ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን የራሱን ስም፣ አምሎዲፒን ብለሽ ጠይቂ። ያው መድኃኒት በተለያየ ስም ይሸጣል፤ ዋጋውም ከቤት ቤት ይለያያል። ሚሊግራሙ ሐኪሙ ከጻፈው ጋር አንድ መሆኑን እይ። ሁልጊዜ የሁለት ወር ቤት ውስጥ ይኑር፤ አንዱ ወር ሲያልቅ የሚቀጥለውን ግዢ፤ እስኪያልቅ ከጠበቅሽ ዋጋው የጨመረበት ወይም ከመደብር የጠፋበት ቀን ላይ ትወድቂያለሽ። የማብቂያ ቀኑን ሳታዪ አትቀበዪ፤ ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ አታስቀምጪው፤ ሙቀትና እንፋሎት ያበላሸዋል። የጤና መድኑ መታወቂያም የማደሻ ጊዜው ሳያልፍ ይታደስ።

በርበሬውስ? የምናስፈጨው ጨው ገብቶበት ነው፤ ሽሮውም እንደዚያው። ለእማዬ ሁለት ሦስት ኪሎ ያለ ጨው ለብቻ ይፈጭላት። ከወጡ ላይ ጨው ቀንሰሽ በርበሬው ውስጥ ያለው እንዳለ ከሆነ ምንም አልተሠራም።

«አሁንማ ዶላር ጨምሯል፤ የምትልከው ይበዛል» የሚል ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። ማን እንዳለው አልጠይቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አልፏል፤ እውነት ነው። ግን ዘይቱም፣ ነዳጁም፣ መድኃኒቱም በዶላር ነው የሚገባው። ነዳጅ ሲወደድ ደግሞ ጤፉን ከደምቢያ የሚያመጣው መኪና ኪራይ ይጨምራል። በእጃችሁ የሚገባው ብር ቁጥሩ ስለበዛ ሀብታም አልሆንም፤ አልሆናችሁምም። ይህን ስል ተቆጥቼ አይደለም። ትንሽ ተቆጥቼ ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ብሩ ብር ሆኖ አይቀመጥ። የባንክ ቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው፤ የምግብ ዋጋ ግን በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የጨመረበት ጊዜ ነበር። ፍራሽ ሥር ያለው ደግሞ ወለድም የለውም፤ በመስከረም 2013 የብር ኖቶቹ ሲቀየሩ ሰው ቀን ተቆርጦለት ባንክ በር ላይ ተሰልፎ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ቤት ውስጥ የሁለት ሳምንት ወጪ ያህል በዝርዝር ይኑር፤ ከዚያ አያስፈልግም። ከዚያ ያነሰ እንዳይሆን የምለው በነሐሴ 2015 መንገዱ ተዘግቶ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ቴሌብር ላይ ያለ ገንዘብ ሱቅ ውስጥ ምንም ስለማይገዛ ነው።

ጤፉን በጥር ግዥ። አዝመራው ገብቶ፣ ተወቅቶ፣ ገበሬው ግብሩንና ዕዳውን ለመክፈል ሲል የሚያወጣበት ወር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያው ጤፍ ሌላ ዋጋ ነው። አንድ ኩንታል ሁለት ወር ተኩል ያህል እንደሚይዛችሁ ነግረሽኝ ነበር፤ እንግዲያው ሦስት ብትገዢ እስከ ክረምቱ ማብቂያ ታደርሳችኋለች፤ አራተኛዋን ከተቻለ በሚያዝያ፣ ከሠርጉ ከተረፈው። ቅዳሜ ገበያ ስትሄጂ ጠዋት ሂጂ። እጅሽን ከማዳበሪያው አፍ ላይ ብቻ አታግቢ፤ እስከ ክንድሽ አስገቢ፤ መሀሉ ሞቅ ካለሽ ወይም ከረጠበ ተይው። አባዬ መጋዘን ውስጥ ያሳደገን ልጆች ሆነን ይህ አይነገርሽም፤ ግን ዋጋ ሲያስደነግጥ ሰው የሚያውቀውንም ይረሳል። ጭብጥ ጤፍ በብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ ቀስ እያልሽ ብታፈሺው አሸዋ ካለው ከሥር ይቀርልሻል። ደግሞ ቤት ስትደርሺ በሚዛን ይመዘን፤ ኩንታል ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ 100 ኪሎ አይደለም።

ጤፍ ነቀዝ አይነካውም፤ ጠላቱ እርጥበትና አይጥ ነው። ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ይራቅ፤ ክረምት ላይ የጭቃ ግድግዳ ውሃ ይተፋል። ሽንብራ፣ አተርና ባቄላ ግን ሌላ ነው፤ እነሱን ነቀዝ ዱቄት ያደርጋቸዋል። ከገዛሽ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አስጪና፣ ጥርስሽ ላይ ኳ ሲል፣ ሌሊት አቀዝቅዘሽ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ውስጥ ክተቺ፤ ሁለቱ ላስቲክ ከውስጥ፣ ማዳበሪያው ከውጭ ያለውን ነው የምልሽ። እያንዳንዱን ድርብ አየሩን ጨምቀሽ ለየብቻው እሰሪ። ነቀዙ አየር ሲያጣ ይሞታል፤ ግን ወር ሳይሞላው ከፍተሽ ካየሽ ልፋትሽ ከንቱ ነው። በደንብ ሳይደርቅ ከታሰረ ደግሞ ይሻግታል። ላስቲኩን ሚስማር ወይም አይጥ ከበሳው ተራ ማዳበሪያ ነው። ያንን የነቀዝ ክኒን ግን ቤት ውስጥ እንዳላይ። ሰው የሚገድል ጋዝ ነው የሚወጣው፤ እናንተ በምትተኙበት ክፍል አጠገብ እህል ተከምሮ በእሱ አይታጠንም። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ዱቄት በወር ከሚበቃችሁ በላይ አታስፈጩ፤ እህሉ ሳይፈጭ ይቆያል፤ ዱቄቱ ግን ይከረፋል። ጤፉን ለማብዛት የፎገራ ሩዝ ወይም ማሽላ ብትቀላቅሉ ሦስት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ቅልቅል ይሁን። ሩዙ ከዚያ ሲበዛ እንጀራው በመጀመሪያው ቀን ነጭ ሆኖ ያምራል፤ በማግስቱ ግን ጠርዙ ደርቆ ይፈረካከሳል፤ የሚደፋው ያተረፈውን ይበላዋል። መብራቱም ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተጨመረ ነው፤ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥርም የኪሎዋቱ ዋጋ ከፍ ይላል። ምጣዱን በሳምንት ሁለት ጊዜ ከምታግዪው አንዴ አግለሽ የሳምንቱን ጋግሪ። ማታ ማታ ኃይሉ ሲቀንስ አትጋግሪ፤ ምጣዱ ሳይግል ሰዓቱ ይሄዳል፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም።

አሁን ወደ ትንሿ። ሚያዝያ 18። ዳግም ትንሣኤ ካለፈ ሳምንቱ ነው፤ ጥሩ ቀን መርጣችኋል። ቅቤውን እስከ ሰሙነ ሕማማት አታቆዩት። ሁሉም ለፋሲካ ሲሯሯጥ ዋጋው ይሰቀላል። ደብረ ዘይት ሳምንት፣ ጾሙ እኩሌታ ላይ፣ የሚገዛ ሰው ሲያንስ ነው መግዣው። ከዚያ ወዲያው ይነጠር፤ አረፋው ጠፍቶ ድምፁ እስኪያባራ፣ ዝቃጩ ከሥር እስኪቀር። ውሃ የቀረበት ቅቤ ሠርጉን አይጠብቅም። በሬውንም ለፋሲካ ገበያ አትግዙ፤ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ገበያ ጠብቁ፤ ሻጩ ሳይሸጥ የቀረውን ይዞ ይመለሳል። ጌሾውና ብቅሉ ከወዲሁ ይገዛ፤ አይበላሽም። ድንኳኑና ሳህኑ ከዕድራችን ይምጣ። አዳራሽ የሚለውን ሐሳብ ማን እንዳመጣው ባላውቅም፣ የአንድ ቀን አዳራሽ የእማዬ የዓመት መድኃኒት ነው።

የዕቁቡን ነገር ዳኛውን ለምኚው፤ ሠርግ ላለበት ሰው ዕጣ ያስቀድማሉ። ዋጋ በሚጨምርበት ዘመን የመጨረሻ ዕጣ ኪሳራ ነው፤ ያው ብር ይደርስሻል፤ የሚገዛው ግን ያው አይደለም።

ከባሕር ማዶ ሆኖ ማዘዝ ቀላል ነው ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ማዳበሪያውን የምትሸከሚው አንቺ፣ እማዬን ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዘሽ የምታስቀምጪው አንቺ። እኔ የማውቀው ገንዘብ መላክ ብቻ ሆኗል። በሠርጉ አልመጣም። ወረቀቱ አልደረሰም፤ ለትንሿ ግን ፈቃድ ከለከሉኝ በያት፤ ያ ይቀላታል። ጥምቀት በደረሰ ቁጥር የሚሆነኝን አላወራሽም፤ ታቦቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርድ ስልኩን ከፍ አድርገሽ ያዥልኝ፤ ኔትወርክ ካለ።

ገንዘቡን ስታወጪ የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም እንዳትናገሪ፤ ከባንክ ነው የምደውለው ላለሽም። ባንክ ደውሎ ቁጥር አይጠይቅም።

የትንሿን ጫማ ከዚህ እልካለሁ፤ የሚመጣ ሰው አለ። የዚህ አገር ቁጥር ከእዚያው ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ማታ፣ እግሯ ሲያብጥ፣ ወረቀት ላይ አቁሚያትና ሁለቱንም እግሯን በእርሳስ አስምሪ። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ስንት ሳንቲሜትር እንደሆነ በማስመሪያ ለክተሽ ጻፊልኝ። የትልቁን እግር ነው የምገዛው።

ወንድምሽ