ሪባን ከቆረጠው ይልቅ የሳለውን ጻፉልን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የቆየሁ አንባቢያችሁ ነኝ። ዛሬ ግን ልወቅሳችሁ ነው የጻፍኩት፣ አትቀየሙኝ።

ሰሞኑን በከተማችን የወጣት ሠዓሊያን ዐውደ ርዕይ ተከፍቶ ነበር። አንድ አዳራሽ፣ ሃያ ምናምን ሥዕል፣ ስድስት ልጆች። ዜናው ሲወጣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሪባን የቆረጡት ከነማዕረጋቸው አሉ። ንግግር ያደረጉት አሉ። ያመሰገኑትም የተመሰገኑትም አሉ። የሠዓሊዎቹ ስም ግን የለም፤ «ወጣት ሠዓሊያን» ተብለው በጅምላ ታልፈዋል። ፎቶው ላይም ጎልቶ የሚታየው መቀሱ ነው።

እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። አንዷ ልጅ የእናቷን እጅ ሥላለች። ፊት የለም፣ እጅ ብቻ። ጭን ላይ ያረፉ ሁለት እጆች፣ ጣቶቹ ተቆላልፈው፣ ጥፍር ሥር ያለችው ጥቁር መስመር እንኳ ሳትቀር። ጠጋ ብዬ ሳየው ሸራ አይደለም። አሮጌ አንሶላ ነው፣ እንጨት ላይ ተወጥሮ በኮላ የተለበጠ። (ኮላው ለጌጥ አይደለም፤ ዘይት ቀለም ጨርቅን በቀጥታ ከነካ እያደር ያበሰብሰዋል። ይህን ከዩቲዩብ ነው የተማረችው።) ሸራ ተወዶብሽ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀችና «እሱም አለ፤ ግን አንሶላው የእሷ ነው፣ ስትተኛበት የኖረችው» አለችኝ። ዜና ማለት ይሄ አልነበረም?

ደግሞ ሠዓሊ ስንል ዐውደ ርዕይ የደረሰው ብቻ አይምሰለን። በኛ ሰፈር ታፔላ የሚጽፉ አንድ አዛውንት አሉ። ክሩን በጠመኔ ዱቄት ያሹታል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጥሩታል፣ መሃሉን ሳብ አድርገው ጧ ሲያደርጉት ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ታፔላው ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ማስመሪያ አይነኩም። የ«ሐ» ሦስቱ እግሮች በዓይናቸው ልክ ነው የሚቆሙት። አሁን ሁሉም ባነር ያሳትማል፣ ቶሎም ይደርሳል፤ ግን ፀሐይ ይመጠውና ሳይቆይ ይነጣል፣ የሳቸው ጽሑፍ ግን እኔ ተማሪ ሳለሁ እንደነበረ እስካሁን ይነበባል። የከተማው ግማሹ ፊት በሳቸው እጅ የተጻፈ ነው። አንድም ቀን «ሠዓሊ ነኝ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እኛም ብለናቸው አናውቅም።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው መሰለኝ። የኛ ብቻ ችግር ደግሞ አይደለም። ሠዓሊውን ፖል ሴዛንን ውሰዱ። ደቡብ ፈረንሳይ ኤክስ-አን-ፕሮቫንስ በምትባል ከተማ ተወለደ፣ ከከተማው አጠገብ ያለውን ተራራ ዕድሜውን ሙሉ ደጋግሞ ሳለ፣ እዚያው በ1906 እ.ኤ.አ. ሞተ። የከተማው ሙዚየም ኃላፊ ግን «እኔ በሕይወት እያለሁ የሱ ሥዕል እዚህ አይገባም» ብሎ ነበር ይባላል። ሙዚየሙ 8 የዘይት ቀለም ሥዕሎቹን ያገኘው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ከመንግሥት በአደራ። ቆጥራችሁ ድረሱበት፣ ከሞተ 78 ዓመት። ዛሬ ከተማዋ በሱ ስም ቱሪስት ትጠራለች።

ስለ ክፍያም አንድ ነገር ልበል። አምና አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓል ዝግጅት የኛን ልጆች የሙዚቃ ባንድ ጠራ። የእህቴ ልጅ ኪቦርድ ስለሚጫወት ነገሩን ከሥሩ አውቀዋለሁ። ለድንኳኑ ተከፈለ። ለወንበሩ ተከፈለ። ለድምፅ ማጉያውም ተከፈለ። ድምፁን ላወጡት ልጆች ግን «ትተዋወቁበታላችሁ» ተባለ። ከማን ጋር ነው የሚተዋወቁት? በዚህች ከተማ ከጫፍ እስከ ጫፍ የማያውቃቸው የለም! ከበሮ መቺው በወሩ ዋና ከተማ ገባ። አሁን እዚያ ሆኖ በቴሌቪዥን ሲታይ ሁላችንም «የኛ ልጅ» እንላለን።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በሳምንት ሩብ ገጽ ስጧቸው። አንድ ሰው፣ ስሙ፣ ሥራው፣ እንዴት እንደሚሠራው። ሙገሳ ብቻም አይሁን። እዚህ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ስለሆነ «በርታ፣ በርቺ» ከማለት አልፎ ደፍሮ የሚናገር የለም፣ ልጆቹም የሰለቻቸው እሱ ነው። በዚያ ዐውደ ርዕይ ላይ ለምሳሌ ከፎቶ የተገለበጡ የታዋቂ ሰዎች ፊቶች በዝተው ነበር፤ ለኔ አልጣሙኝም። ይሄንንም ጻፉት። ስለ ሥራው የተከራከርን ቀን ነው ሥራውን አየነው የሚባለው።

እጅ የሳለችውን ልጅ ልታነጋግሯት ከፈለጋችሁ ጠይቄያታለሁ፣ እሺ ብላለች። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አይመቻትም፤ የሰፈር ልጆችን ሥዕል ታስተምራለች። ከመጣችሁ በቀን ብርሃን ኑ፤ ያ እጅ በአምፖል አይታይም።

አንባቢያችሁ